«ጎረቤታችን ናቸው» ብዬ እናቴን ካድኋት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያው ጥያቄ የደረሰን ደብረ ብርሃን ከሚኖር አንባቢያችን ነው። ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ እንዳንገልጽ ስለ ጠየቀን ትተነዋል፤ ደብዳቤውም ረጅም ስለ ነበር አሳጥረን አቅርበነዋል።

«መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የተወለድሁት ከአንኮበር ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔንና ሁለት እኅቶቼን ያሳደገችን ምጣድና ጀበና፣ ማሰሮና እንስራ እየሠራች ገበያ አውጥታ በመሸጥ ነው። ልጅ ሳለሁ ከብት ጥበቃ ስንውል ሌሎቹ ልጆች ምሳቸውን ከእኔ ጋር አይቀላቅሉም ነበር፤ "ቡዳ" የሚለውን ቃል የለመድሁት ትርጉሙን ሳላውቀው ነው። ተምሬ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ስለ ቤተሰቤ ለጠየቀኝ ሁሉ "ገበሬዎች ናቸው" እያልሁ መኖር ጀመርሁ።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ በነበረ አንድ እሑድ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ እቤቴ ቡና እየጠጡ ሳለ እናቴ ሳትነግረኝ መጣች። በገለባ ሸፍና በአሮጌ ነጠላ የጠቀለለችውን አዲስ ጀበና ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ከባልደረቦቼ አንዷ "ማን ናቸው?" ስትለኝ "አገር ቤት ጎረቤታችን የነበሩ ሴት ናቸው" አልሁ። እናቴ ሰምታለች። ምንም አላለችም። አንድ ስኒ ቡና ጠጥታ፣ ሁላችንንም መርቃ፣ "መኪና እንዳያመልጠኝ" ብላ ወጣች። ጀበናውን ከበሩ ኋላ አስቀመጥሁት፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የምልክላትን ገንዘብ ጨምሬአለሁ፤ አገር ቤት ግን አልሄድሁም። የንስሐ አባቴ እናቴን የሚያውቋት ስለ ሆኑ ይህን ነገር ለእርሳቸው መናገር ሞት ሆኖብኛል፤ ጠበል ሊረጩ ሲመጡም ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ። አስቀድሳለሁ፣ ወደ ቅዱስ ቁርባኑ ግን አልቀርብም። ከዚህ ኀፍረት እንዴት ልውጣ? እናቴንስ ከእንግዲህ እንዴት አድርጌ ላክብራት?»

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደጋግሜ የቆምሁት «ናቸው» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። በደብዳቤህ ሁሉ እናትህን እንደ ማንኛውም የሸዋ ልጅ «መጣች፣ ሰማች፣ ወጣች» እያልህ ትጠራቸዋለህ፤ ይህ ንቀት ሳይሆን የልጅነት ቅርበት ነው። «ናቸው» ያልሃቸው በዚያች እሑድ፣ በባልደረቦችህ ፊት ብቻ ነው። አንቱታ የአክብሮት ቃል ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን የወለደችህን እናት ባዕድ ለማድረጊያ ዋለ። ይህን የምልህ ቁስልህን ለመነካካት ብዬ ሳይሆን፣ የጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል መልሱ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። እኛ ሰው ማክበሪያ ሥርዓታችን ብዙ ነው፤ አንቱ እንላለን፣ ከመቀመጫችን እንነሣለን፣ ጎንበስ ብለን እጅ እናስታጥባለን፣ ጉልበት እንስማለን። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ከሥሩ «ይህ ሰው የእኔ ነው» የሚል ምስክርነት ከሌለው ከአፍና ከጉልበት አያልፍም። ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት በምዕራፍ 2 ስለ ጌታችን የተጻፈው ይህ ነው፤ እኛን «ወንድሞች ብሎ ሊጠራቸው አያፍርም»። እርሱ ያከበረን በእኛ ባለማፈሩ፣ በሰማይና በምድር ፊት የእኔ ናችሁ በማለቱ ነው። አንተም እናትህን የምታከብርበት መንገድ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ወደ ኀፍረቱ ልምጣ። አንድ ኀፍረት አድርገህ ጽፈኸዋል፤ እኔ ግን ሁለት ሆኖ ነው የታየኝ፣ ሁለቱንም በአንድ መድኃኒት ለማከም ብትሞክር ትጎዳለህ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 4 ኀጢአትን የምታመጣ ኀፍረት እንዳለች፣ ክብርንና ጸጋን የምታመጣ ኀፍረትም እንዳለች ይናገራል። በእናትህ ሥራ ማፈርህ የመጀመሪያይቱ ናት። እናትህን በመካድህ ማፈርህ ሁለተኛይቱ ናት። የመጀመሪያይቱ ከሐሰት የተወለደች ስለ ሆነች ነቅለህ ልትጥላት ይገባል፤ ሁለተኛይቱ ግን ሕሊናህ በሕይወት መኖሩን የምትነግርህ ስለ ሆነች ወዳመለከተችህ ስፍራ እስክትደርስ ድረስ ልትከተላት ይገባል። የምትመራህ ወደ ንስሐ ነው፤ አንተ ግን እግረ መንገድህን ቆመህ ከእርስዋ ጋር መኖር ጀመርህ። እዚያ የቆመ ሰው ቀስ በቀስ ከበደለው ሰው ይልቅ ስለ ራሱ ብቻ ማሰብ ይጀምራል። ጥፋትህ ምን ያህል እንዳስጨነቀህ በደብዳቤህ በብዙ ቃል ጽፈሃል፤ እናትህ በዚያ ምሽት በመኪና ሲመለሱ ምን አስበው እንደ ነበር ግን አንድ መስመር አልጻፍህም። ይህን የታዘብሁት ልወቅስህ አይደለም፤ የቆየ ኀፍረት እንዲህ ያደርጋል።

ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ ቋንቋችን «ይሉኝታ» ይለዋል። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ «እንዲህ ይሉኛል» ከሚል ፍርሃት የተሠራ ነው። ይሉኝታ በመጠኑ ሲሆን ሰውን ከነውር ይጠብቃል፤ ይሉኝታ የሌለውን ሰው ማንም አያመሰግንም። ሚዛኑን ሲስት ግን ሰው እግዚአብሔርንና እናቱን ትቶ ያንን «ሰዎቹ» የሚባለውን፣ ፊቱ የማይታወቀውን ፈራጅ ያገለግላል። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ለትምህርት ከተማ በገባሁበት ዓመት አባቴ ብርዱን አስቦ ከበጎቻችን ፀጉር የተሠራ ባና በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ። የበግ ሽታ ነበረው። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ምን ይሉኛል ብዬ ከአልጋው ሥር ደብቄው ክረምቱን በስስ አንሶላ እየተንቀጠቀጥሁ አደርሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ነው ያንን ባና አውጥቼ የለበስሁት፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረም። አንተ ዛሬም እናት አለችህ፤ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ።

አሁን ያ የመጀመሪያው ኀፍረት የቆመበትን ሐሰት እንየው። ሸክላ መሥራት የሚያሳፍር ሥራ ነው ያለህ ማን ነው? ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳምን ከምድር አፈር ያበጀው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ በኤርምያስ ምዕራፍ 18 ነቢዩን ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ልኮ ራሱን በሸክላ ሠሪው፣ ሕዝቡን በጭቃው መስሎ አስተምሮታል። ሲራክም በምዕራፍ 38 አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን ካነሣ በኋላ ያለ እነርሱ ከተማ ሰው ሊኖርባት እንደማይችል ይመሰክራል። የአገራችንም ታሪክ ቢሆን ሐሰቱን ሳይገሥጽ አላለፈም። ከአንኮበር የተነሡት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያሉ ሠራተኛን መስደብን ከልክለዋል፤ ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ማለታቸውም ይታወሳል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ ከብት ስትጠብቅ ልጆቹ ምሳቸውን ከለዩብህ ግን ነውሩ የእነርሱና የአሳዳጊዎቻቸው እንጂ የአንተ አልነበረም። ይህን በግልጽ ልናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በልጅነትህ የተበደልኸው አንተ ነህ። ሰዎች በላይህ የጫኑትን ሸክም አውርደህ በእናትህ ላይ መጫንህ ነው ጥፋትህ። ክርስቲያን የተጠመቀን ሰው «ቡዳ» ብሎ ከማዕድ ሲለይ በአንድ ጽዋ የሚቀበለውን ሥጋና ደም ማቃለሉ ነው፤ ይህን የምናስተምር ሰዎችም በየመንደሩ ገብተን በበቂ ሁኔታ አልተናገርንም፤ ስለዚህ የጥፋቱ ድርሻ እኛንም ይመለከተናል።

በዚህ ረገድ ከቅዱሳት መጻሕፍት ለአንተ የሚቀርብህ ዮሴፍ ይመስለኛል። እርሱም ከአገር ቤት ወጥቶ በሰው አገር የከበረ፣ ከፈርዖን ቀጥሎ የተሾመ፣ የግብፅ ስም የወጣለትና ከግብፅ ካህን ቤት ያገባ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ግን በግ አርቢዎች ነበሩ፤ ግብፃውያን ደግሞ በግ አርቢን ይጸየፉ እንደ ነበር በዘፍጥረት ምዕራፍ 46 መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ዮሴፍ ዘመዶቹን ሌላ ሙያ እንዲናገሩ ማድረግ አያቅተውም ነበር። እርሱ ግን ፈርዖን ሥራችሁ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃችሁ ከልጅነታችን ጀምሮ እንስሳ አርቢዎች ነን በሉት ብሎ አዘዛቸው። ከዚያም የ130 ዓመት ሽማግሌ የሆነውን አባቱን አስገብቶ በፈርዖን ፊት አቆመው። ያ የተናቀ እረኛም ንጉሡን ባረከው። ይህን ክፍል ሳነብ እናትህ ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው በካዳቸው ቤት ተቀምጠው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ያላወቋቸውን እንግዶች ሁሉ መርቀው ወጡ። በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁሉ የከበረው ሰው ማን እንደ ነበር አሁን ሳይገባህ አይቀርም።

ስለ ንስሐው በአጭሩ ልንገርህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሰይጣን ስንበድል ኀፍረትን ከእኛ ወስዶ ለመናዘዝ ስንነሣ እንደሚመልስልን አባቶች ደጋግመው አስተምረዋል። የንስሐ አባትህ የሰሙትን ለእናትህም ሆነ ለማንም ሊናገሩ አይችሉም፤ ምሥጢሩን መጠበቅ የክህነታቸው ግዴታ ነው። ቃሉ ከአፍህ አልወጣ ካለህ ጽፈህ ያዝና በፊታቸው አንብበው። የሚሰጡህን ቀኖና ተቀበል፤ ወደ ቁርባኑ የምትቀርብበትንም ጊዜ እርሳቸው ይንገሩህ። በሚቀጥለው ጊዜ ጠበሉን ይዘው ሲመጡ ግን ከቤት አትውጣ።

ገንዘብ መጨመርህን አልነቅፍም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለወላጅ የሚገባውን እርዳታ በቁርባን ስም የሚያስቀሩትን በብርቱ ገሥጿል፤ እናትን መርዳት ግዴታ ነው። ነገር ግን አንተ የላክኸው ጭማሪ የእርዳታ ሳይሆን የካሳ ሳይሆን አይቀርም፤ እናትህም ይህን አያጡትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ በብርም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ሂድ። ስትሄድ ያንን ጀበና ይዘህ ሂድ። በደብዳቤህ እንደ ገለጽኸው ከበሩ ኋላ ከተቀመጠ አልተሟሸም ማለት ነው። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ቢጣድበት ያንጠባጥባል፣ የጭቃውም ጣዕም ቡናውን ያበላሻል፤ ይህን የሸክላ ሠሪ ልጅ ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። ወስደህ በእጃቸው አስቀምጠውና እንዲያሟሹልህ ለምናቸው፤ አተላው እስኪፈላ አብረሃቸው ከምድጃው ዳር ተቀመጥ። ከዚያ ተናገር። ነገሩን አታለስልሰው፤ «ያን ቀን ስላልተዘጋጀሁ ነው»፣ «ደንግጬ ነው» አትበል። «እናቴ ሆነሽ ሳለ ጎረቤት ናት ብዬ ካድሁሽ፤ ይቅር በይኝ» በልና ጉልበታቸውን ሳም። ምናልባት «አልሰማሁም» ይሉህ ይሆናል፤ እናቶች ልጃቸውን ከኀፍረት ለማዳን እንዲህ ያለ ውሸት ይዋሻሉ። አንተ ግን በዚያ ውሸት አትሸሸግ፤ መስማታቸውን እንደምታውቅ ንገራቸው። ዝም ቢሉም፣ ቢያለቅሱም፣ ቢቆጡም ተቀበል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አይመርጥም።

የመጨረሻው ከባልደረቦችህ ጋር ያለው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትሰናከላለህ ብዬ እሰጋለሁ። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ፍም ዳር ቆሞ ሲሞቅ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ደግሞ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ዓሣ በተጠበሰበት ፍም አጠገብ፣ ባልንጀሮቹ ባሉበት ነው። ያቺን ሌሊት አላነሣበትም፤ ክህደቱን በፍቅር ምስክርነት እንዲሽረው ግን ዕድል ሰጠው። አንተም የካድኸው ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ ነውና ምስክርነትህም እዚያው ቢሆን መልካም ነው። ይሁን እንጂ እናትህን አምጥተህ በባልደረቦችህ ፊት ካቆምህ በኋላ ስለ ራስህ ጥፋት ረጅም ንግግር ብታደርግ እርሳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ትጎዳለህ፤ እንግዶቹ የአንተን ትሕትና ሲያደንቁ እርሳቸው ወለል ወለሉን እያዩ ይቀመጣሉ። በቅድሚያ ፈቃዳቸውን ጠይቅ። ለባልደረቦችህ እውነቱን አንተ ብቻህን አስቀድመህ ንገራቸው። እናትህ ሲመጡ ደግሞ ነገሥት ምን እንዳደረጉ ተመልከት፤ ሰሎሞን እናቱ ቤርሳቤህ ወደ እርሱ በገባች ጊዜ ከዙፋኑ ተነሥቶ ሊቀበላት ወጣ፣ ሰገደላት፣ በቀኙም ወንበር አስቀመጠላት። አንተም ከመቀመጫህ ተነሥተህ እስከ በሩ ሄደህ ተቀበላቸው፣ ከወንበሩ የተሻለውን ስጣቸው፣ «እናቴ ናት፤ ይህን ጀበና የሠራችው እርስዋ ናት» በል። ያን ቀን «ናት» ማለትህ ከየትኛውም አንቱታ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው በደብረ ሲና አካባቢ ከምትኖር የልጆች እናት ነው፤ ከላይ ካለው ጋር ስለሚገናኝ እዚሁ አቅርበነዋል።

«ጎረቤታችን አንጥረኛ ነው፤ ሚስቱም ደግ ሴት ናት። አማቴ ግን ልጆቼ እዚያ ቤት ውኃ እንኳ እንዳይቀምሱ አጥብቀው ይከለክላሉ። እርሳቸውን ማክበር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጎረቤቴንም ማዋረድ አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እኅቴ፣ አማትሽን ማክበር የሚሉትን ሁሉ መፈጸም ማለት አይደለም። በዕድሜያቸው ምክንያት አንቱታውን፣ ቅድሚያውን፣ የቡናውን የመጀመሪያ ስኒ ትሰጫቸዋለሽ፤ ልጆችሽን ሰው መናቅ የማስተማር ሥልጣን ግን ለማንም አልተሰጠም። በልጆች ፊት አትከራከሪያቸው፤ የአያታቸውን መዋረድ ካዩ አንዱን ንቀት ስትነቅዪ ሌላውን ዘርተሻል ማለት ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ ስለ ሰማርያይቱ ሴት ንገሪያቸው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር፤ ጌታችን ግን በያዕቆብ ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ «ውኃ አጠጪኝ» አላት። መቅጃ አልነበረውም፤ ከእንስራዋ ሊጠጣ ነው የለመናት። ወንጌሉን የሚሳለሙ ሴት ከሆኑ ይህን በቀላሉ አይገፉትም። በእርሻው ውስጥ ያለው ማረሻ በማን እጅ እንደ ተሳለ፣ በየቀኑ የሚበሉት እንጀራ ከየት እንደ መጣም ቀስ ብለሽ ብትጠይቂያቸው መልካም ነው።

እርሳቸው እስኪለዝቡ ግን አንቺ አትጠብቂ። አንቺው ራስሽ ሄደሽ ከዚያ ቤት ቡና ጠጪ፣ ጎረቤትሽንም ጥሪያት። አጨዳው ደርሶ ልጅሽን ማጭድ እንዲያስል ስትልኪው ከማጭዱ ጋር ግማሽ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስይዢው፤ ያቀረቡለትንም ተቀምጦ ቀምሶ ይምጣ።